የግድግዳው አንድ ጊዜ

ግድግዳ የሰማውን ድምፅ ለአንድ ጆሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መልሶ መስጠት በጀመረበት ዘመን፣ ዘርፌ የሟች ባሏን ድምፅ ፍለጋ የቤቷን ግድግዳ አዳመጠች። የሰማችው ግን የራሷን ድምፅ ነው፤ «ዛሬም ምሳህን ሳትነካ መለስከው? ጨው በዛበት?» የባሏ የመርሻ መልስ ግን አልተሰማም።

ስለዚህ መርሻ ከሙስሊሙ ግንበኛ ከእንድሪስ ጋር ወዳደሳት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እንድሪስ ቀድሟት ቆሟል፤ ረመዳን ነውና ከንፈሩ ደርቋል።

«እርስዎ በሕይወት ሳለ ጠግበውታል፤ ይኼ ድምፁ የኔ ነው» አለችው በቅናት።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ ዘርፌ» ብሎ ራቅ አለ።

ጆሮዋን ከድንጋዩ አስጠጋች። ያ ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ባሏ እንደ ልጅ ይንከተከታል!

«አንተ እየጾምክ እኔ ፊትህ አልጎርስም፣ እንድሪስ።»

«ታዲያ ለእትዬ ዘርፌ ንገራቸዋ!»

«ብነግራትማ ላንተም ማፍጠሪያ ትቋጥራለች። የእጇን ጣዕም ከማንም ጋር አልካፈልም!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ግድግዳው ለዘላለም ዝም አለ።

«ምን አለ?» አለ እንድሪስ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ዘርፌ ያቺን የባሏን ቃል ለማንም መስጠት አልሆነላትም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስንት ሰዓት ነው የሚያፈጥሩት? ሽሮ እቋጥርልዎታለሁ» አለችው። «ጨው ከበዛ ግን በአፍዎ ይንገሩኝ።»