በየዓመቱ ግማሽ ቶን

ጉልበቱን እየመታ የነበረው የፒያኒስቱ ጣት ድንገት ይቆማል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ፒያኖ የራሱ ነው፤ ከሰላሳ ዓመት በፊት፣ ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ የመታው። ችኩል ነው፣ ግን ንጹሕ። ዘፈኑም በጥንት የድምፅ ከፍታው ላይ ነው። ማንም ዝቅ አላደረገውም።

«አገኝልሻለሁ አላልኩሽም?» ይላል የስቱዲዮው ባለቤት፣ ሆዱን የድምፅ ማቀናበሪያው ጠርዝ ላይ አሳርፎ። «ያ ሳይወጣ የቀረው አልበም ነው። አንቺ የዘፈንሽበትን የቴፕ ክር ሻጋታ በልቶታል። ባንዱ ግን ለብቻው ነው የተቀዳው፤ እንደ ትናንት ቁጭ ብሎልሻል። የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዘፋኟ ወደ ድምፅ ማጉያው ትጠጋለች። ሳክስፎኑ ገብቷል። የሚነፋው ባሏ ነው፤ ከሞተ አስራ አንድ ዓመት አልፎታል። ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች።

«ከእሱ ጋር አንዴ ልዝፈን» ትላለች በመጨረሻ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፒያኒስቱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አጅቧታል። የምትዘፍናቸው የቆዩ የጃዝ ዘፈኖች ናቸው፤ ስንቱ የዘፈናቸው፣ አድማጩ ቃሉን ከእሷ ቀድሞ የሚያውቀው። እሷ ግን ከምቱ ትንሽ ኋላ ትቀራለች። ቃሉን ትይዘዋለች፣ ትይዘዋለች፤ ሰው «ረሳችው እኮ!» ብሎ ሲጨነቅ ታደርሰዋለች። የዚህኛው ዘፈን የመጨረሻ አዝማች ላይ ደግሞ አንዲት ከፍ ያለች ድምፅ አለች። ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ለዚያች ድምፅ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት እዚያች ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ልምምድ ላይ፣ ወንድሟ ምንም ሳይነግራት፣ ዘፈኑን ግማሽ ቶን፣ አንዲት የፒያኖ ቁልፍ ያህል፣ ዝቅ አድርጎ ጀመረላት። ወጣችው። እንደ ልጅ ሳቀች። በዓመቱ ሌላ ግማሽ ወረደ፤ በሌላው ዓመት ሌላ። የባንዱን ልጆች በጥቅሻ አስማማቸው። ይኸው ዛሬ ሁለት ቶን ተኩል ወርደዋል፤ እሷም ለጠየቃት ሁሉ «እኔ እንደሆን ዛሬም ያው ነኝ» ትላለች።

ለጉሮሮ ሐኪሙም ያለችው ይህንኑ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ የድምፅ አውታሯ ላይ ያበጠ የደም ሥር አሳያቸው። «ከአቅምሽ በላይ ከወጣሽ ይፈነዳል» አላት። «ከፈነዳ ደግሞ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል።»

«ኧረ ዶክተር! እኔ መች ተቸግሬ አውቃለሁ? ይኸው ወንድሜ ይመስክር።»

ሐኪሙ ወደ ወንድሟ ዞረ። እሱም መሰከረ።

«እትዬ፣ ዛሬ ይቅር» ይላል አሁን። «ትንሽ ተለማምደንበት ብንመለስ…»

«ሰላሳ ዓመት የዘፈንኩትን ልለማመድ?»

«እሺ ዝቅ ይበልልሽ። በማሽን ይቻላል አይደል?»

«መቻሉን ይቻላል» ይላል የስቱዲዮው ባለቤት። «ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።» አንድ ቁልፍ ይነካል። ሳክስፎኑ ወፍሮ፣ ታፍኖ ያላዝናል።

ዘፋኟ በሳቅ ትፈርሳለች። «ባሌን በሬ አደረጋችሁት! መልሰው በል። አንተ ደግሞ» ትላለች ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «ቦታህን የያዘብህ ልጅ ራስህ እኮ ነህ። ሰው በራሱ ይቀናል?»

ሊናገር አፉን ይከፍታል። የአምስት ዓመት ነገር ከየት ይጀመራል? በሰው ፊትስ እንዴት? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ እሷ ከባዱን በር ዘግታ ማይክራፎኑ ፊት ቆማለች። በመስታወቱ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ያያታል።

ክሩ ይዞራል። የመጀመሪያው ስንኝ ዝቅ ያለ ነው፤ በደህና ያልፋል። በሁለተኛው ላይ አገጯ ቀና ይላል። በሦስተኛው ዘፈኑ ከለመደችው ከፍ ማለቱ ይታወቃታል፤ ዓይኗን ትገልጥና በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟን ትፈልገዋለች። አስተያየቷ የቁጣ አይደለም። ደረጃ አለ ብሎ እግሩን የሰደደ፣ ያልጠበቀው ባዶ የተቀበለው ሰው አስተያየት ነው። መዝፈኗን ግን አታቆምም።

የባሏ ተራ ይደርሳል። ግማሽ ደቂቃ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመጨረሻው አዝማች ነው። ፒያኒስቱ ድምፁን ወደ እሷ ማዳመጫ የሚያደርሰውን ቁልፍ ይጫናል።

«እትዬ፣ አቁሚ። በየዓመቱ ዝቅ አድርጌልሽ ነው የምትወጪው። ሐኪሙንም ዋሸሁት። በእናታችን አትውጪው።»

የስቱዲዮው ባለቤት ወንበሩን አዙሮ ያፈጥበታል።

እሷ መዳፏን ታነሳለች። «ዝም በል» ትላለች ቀስ ብላ፣ በማይክራፎኑ። «እየተጫወተ ነው።»

«አጥፋው!» ይላል ፒያኒስቱ።

«እኔ በሷ ዘፈን ላይ ምን አግብቶኝ? ከደፈርክ ማጥፊያው ያውልህ፤ ቀዩ» ይላል የስቱዲዮው ባለቤት።

ጣቱን ቀዩ ላይ ያደርጋል። ሳክስፎኑ እየበረደ ነው። መጫን ብቻ ነው የቀረው። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን ድምፅ በቦታዋ ሆና አልሰማትም፤ ሊሰማት ይፈልጋል። ጣቱ እንደተቀመጠ ይቀራል።

እሷ ትዘገያለች። ቃሉን ትይዘዋለች፣ ትይዘዋለች። ከዚያ ታወጣዋለች፤ ሙሉ፣ ሳይሰነጠቅ፣ በዚያው በጥንቱ ከፍታ። ባንዱ እስኪያበቃ፣ የመጨረሻው የጸናጽል ድምፅ ጠፍቶ እስኪያልቅ ይዛው ትቆያለች።

«አቤት!» ይላል የስቱዲዮው ባለቤት።

ዘፋኟ ማዳመጫውን ታወልቃለች። ፈገግ ብላለች። ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ትልና በመስታወቱ ወንድሟን እያየች ትናገራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማጉያው ውስጥ ግን ምንም የለም።

«ማይክራፎኗን ዘግቼባት ነው እንዴ?» ይላል የስቱዲዮው ባለቤት፣ የድምፅ መጨመሪያውን ወደ ላይ እየገፋ። የልብሷ መፋተግ ይሰማል። ጨምሮ ይገፋዋል። የእጅ ሰዓቷ ሲቆጥር ይሰማል። አሁንም ይገፋዋል።