ያልገባው እጁን ያውጣ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የመስታወት ቢከር አለ። ትልቁ እስከ ግማሹ ውሃ ይዟል፤ ትንሹ፣ ከታቹ አንድ ጣት ያህል፣ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ። ሁለቱም ቀለም የላቸውም። ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ ለተቀመጠ ተማሪ ሁለቱም ውሃ ናቸው።

ላቦራቶሪው ዘንድሮ መማሪያ ክፍል ስለተደረገ፣ የኬሚስትሪ መምህሯ ታቢታ ዕቃውን በካርቶን ተሸክማ ነው የመጣችው። የዓይን መከላከያ መነጽር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ኑሪያ አጥልቃዋለች። ከስልሳ ሁለቱ ተማሪዎች ታቢታ እሷን የመረጠቻት ረጋ ያለች ስለሆነች ነው።

"አሲዱን ወደ ውሃው፣ ቀስ እያልን" ትላለች ታቢታ። ድምፅዋ ከሰኞ ጀምሮ ሻክሯል። "ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። ውሃው እዚያው ይፈላና አሲዱን ፊታችን ላይ ይረጨዋል።" በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ፣ በአማርኛ ሁለት ጊዜ ብላዋለች። "ገባችሁ?"

"አዎ ቲቸር።" ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ እንኳ ለዚያች ቅጽበት አይሰማም።

"በይ ኑሪያ፣ ተዘጋጂ" ብላ ርዕሱን ለመጻፍ ወደ ሰሌዳው ትዞራለች። ስትመለስ ኑሪያ ያነሳችው ትልቁን ቢከር ነው። አፉ ከትንሹ በላይ ደርሶ አዘንብሏል። ውሃው ጠርዙ ላይ አብጦ ቆሟል፤ ገና አልወደቀም።

ታቢታ አትጮኽም። ብትጮኽ ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ውሃውም ይፈሳል። "እንደያዝሽው ቆይ" ትላታለች በዝቅታ፤ የኑሪያን እጅ ከነቢከሩ በሁለት እጇ ይዛ ቀና ታደርገዋለች። ከዚያ ቢከሩን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ወስዳ ታስቀምጠዋለች። ትንሹን ቢከር በክዳን ትሸፍነዋለች። ጠረጴዛውን ተደግፋ ትቆማለች።

"ኑሪያ፣ ምን ልታደርጊ ነበር?"

"ልቀላቅል።"

"የቱን ወደ የቱ ነበር ያልኩት?"

ኑሪያ ቢከሮቹን በየተራ ታያለች። "ውሃውን... አሲዱን..." ትልና ታቆማለች።

"ገባችሁ ስል አዎ ብለሽ ነበር?"

"አዎ ቲቸር።"

"አሁንስ ገባሽ?"

"አዎ ቲቸር።"

ክፍሉ ይስቃል። ኑሪያም አብራ ልትስቅ ትጀምርና መነጽሩ ውስጥ ዓይኗ እንባ ይሞላል።

"ማንንም አልቀጣም" ትላለች ታቢታ። "ንገሩኝ ብቻ። ካልገባችሁ ለምን አዎ ትላላችሁ?"

ከመጨረሻው ዴስክ ኢዮብ እጁን ያወጣል፤ እሱ አፉን እስኪከፍት ሳይጠብቅ ክፍሉ የሚስቅለት ልጅ ነው። "ቲቸር፣ እውነቱን ልናገር?"

"ተናገር።"

"አልገባንም ካልን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።"

"ብጀምረውስ?"

"ጉሮሮዎ ተዘግቷል እኮ። አሳዝነውን ነው።"

"አንተ ደግሞ፣ ቢዘጋም ቢከፈትም አይገባህ" ትለዋለች አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ።

ሳቁ ጋብ ሲል ኑሪያ ወደ መሬት እያየች "እኔ ግን..." ትላለች፣ "ሁሉም አዎ ሲል፣ ያልገባኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነው።"

ታሞ የተኛ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ይላል። የልጆቹም አዎ እንዲሁ ሰላምታ ነው፤ ታቢታ ግን መልስ ነው ብላ ይዛ፣ ስንቱን ምዕራፍ ዘግታ አልፋለች።

ለደወሉ ብዙ አልቀረም። ካርቶኑ ዛሬውኑ ለንብረት ክፍል መመለስ አለበት፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ሌላ ሙከራ የለም። አሲዱን ራሷ ብትጨምረው ሁሉም ያያሉ፣ ይጨበጨባል፣ ሰዓቱም ይበቃል። እጇን ወደ ክዳኑ ትዘረጋለች። መልሳ ትሰበስበዋለች። ትንሹን ቢከር ከነክዳኑ ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ደፍ፣ ማንም ወደማይደርስበት ታርቀዋለች።

"ቲቸር፣ ቀረ እንዴ?" ይላል አንዱ ቅር ብሎት።

"ለዛሬ ቀረ። አሁን ሁላችሁም ግንባራችሁን ዴስኩ ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ኑሪያ፣ አንቺም እዚሁ እንደቆምሽ ጨፍኚ።" እስኪረጋጉ ትጠብቃለች። "ማንም ማንንም አያይም። የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ያልገባው እጁን ያውጣ።"

መጀመሪያ ማንም የለም። ከዚያ አጠገቧ የኑሪያ እጅ ይነሳል፣ እስከ ትከሻዋ ብቻ። መሀል ረድፍ ላይ ሁለት እጅ። በር አጠገብ አንድ፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ከፍ ይላል። ከመጨረሻው ዴስክ የኢዮብ ሁለቱም እጆች ቀጥ ብለው ይወጣሉ።

"ኢዮብ፣ አንዱን አውርደው። ለቆጠራ አይመችም።"

ግንባራቸውን እንደደፉ ይስቃሉ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ሳያባራ ሌሎች እጆች ይነሳሉ፣ ከፊት ዴስክም ጭምር፣ ፈተና ከማይስቱት ልጆችም።

ታቢታ ከመስኮቱ ረድፍ ጀምራ ትቆጥራለች። ለማረጋገጥ ከበሩ በኩል ጀምራ ትደግመዋለች። ሁለቴም ከስልሳ ሁለቱ አርባ አንድ ነው።