አካውንቴን የዘጋሁ ዕለት

እህቴ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ አፌ በምስማር ተሞልቶ ነበር። ሶፋ ሰሪ ነኝ፤ ጨርቅ ስወጥር ምስማሩን በከንፈሬ ይዤ ነው የምሠራው። እሷ በቤት ጫማዋ ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንተ ምን ሆነሃል? ብደውል አታነሳም፤ አራት ጊዜም ጻፍኩልህ እኮ!»

ምስማሩን መዳፌ ላይ ተፋሁት። «ምን ላይ?»

«ሁልጊዜ የምንጻጻፍበት ላይ ነዋ! አባዬ ወጥቷል። ልብስ ላሰጣ ጓሮ ዞሬ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ባሌ በየመንገዱ እየዞረ ነው፣ ለፖሊስም ተናግሬያለሁ። በል ቶሎ ካርታውን ክፈትና የት እንዳለ እይልኝ።»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

አባታችን የሚኖረው እሷ ዘንድ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ መንገድ ይጠፋበታል፤ ሰውም ይጠፋበታል። ስለዚህ ስልክ ገዝቼ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት፤ የይለፍ ቃል ምናምን እንዳያስቸግረው ብዬም በራሴ አካውንት ከፈትኩለት። የት እንዳለ የሚያሳየው ካርታ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አካውንቴን ዛሬ ጠዋት ዘግቼዋለሁ።

ባለቤቴ ስልኬን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። እውነቷን ነው። ራት ላይ የማያት እሷን፣ ስተኛ እሷን፣ ስነቃም እሷን። ሰው ሲያወራኝ «እ?» እያልኩ መኖር አንገሸገሸኝ። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ፎቶዎቼን አዛወርኩ፣ ኢሜይሌን ቀየርኩ፣ ኢንተርኔት የሌላት ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁ፤ ምንም እንዳይቀረኝ ዝርዝር ጽፌ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ጠዋት «አካውንቱ ይጥፋ?» ሲለኝ አዎ አልኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲለኝም አዎ። ከዚያ እያፏጨሁ ሥራ ገባሁ። አባዬ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

«ዘግቼዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ካርታውንም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። የራሷን ስልክ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «ክፈተዋ ታዲያ። ሰው ራሱ የዘጋውን መክፈት ያቅተዋል?»

ገጹ ጨዋ ነው። «አካውንትዎን እንዲመልሱ እንረዳዎታለን» ይላል። ባለቤቱ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ በተመዘገበው ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ መላኩን ነገረኝ። የስልኩን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ሳይ የማን እንደሆነ ገባኝ። የአባዬ ነው። የራሴን ቁጥር በጥንቃቄ ከየቦታው ሰርዤ የሱን አስቀርቻለሁ።

«ኮዱ እሱ አንገት ላይ ነው ያለው» አልኳት።

«ስደውል ነው የመጣሁት፤ አያነሳም።»

በባለ ቁልፏ ስልኬ ደወልኩ። አላነሳም። ደገምኩ። በሦስተኛው አነሳ።

«አባዬ! የት ነህ?»

«አለሁ።» ድምፁ ደህና ነው። ከኋላው መኪና ያልፋል።

«ምን ይታይሃል?»

«መንገድ ነዋ።»

እህቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አባዬ፣ አጠገብህ ሰው አለ? እስቲ ስልኩን ስጠው።»

«አልሰጥም!» አለ ቆጣ ብሎ። «ልጄ ለማንም እንዳትሰጥ ብሎኛል።»

ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ እየደጋገምኩ አስጠንቼዋለሁ። የልጅ ልጆቹን ስም የረሳ ሰው ይችን ይዟታል።

ስልኩን ተቀበልኳት። «እኔ ነኝ እኮ ያልኩህ፣ አባዬ። አሁን ስጥ፣ ግድ የለም።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

በእህቴ ስልክ ላይ የኮዱ ሰከንድ እየቆጠረ ይወርዳል። አርባ ቀርቶኛል።

«እሺ፣ ለማንም አትስጥ። መልእክት ገብቶልሃል፤ ስልኩ ላይ ስድስት ቁጥር አለ። ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።»

ድምፁ ፈካ አለ። «ቁጥሩን? ቁጥሩንማ አውቀዋለሁ።»

ጠመኔዬን አንስቼ በወጠርኩት ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ተደፋሁ። «አራት» አለ። ጻፍኩ። «አንድ። ሰባት።» እህቴ በትከሻዬ በኩል እያየች ነበር። አራተኛውን እሱ ሳይጠራው ቀድማ በሹክሹክታ ጠራችው። አምስተኛውንም። ስድስተኛውን ሦስታችንም አንድ ላይ አልነው።

የድሮው ቤታችን ስልክ ነው። ቤቱ ከተሸጠ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። እናታችን ካረፈች ስድስት።

«እዚያ ደውል» አለ አባዬ። «ባለቤቴ ቤት ናት፣ ታነሳዋለች። መጥታ ትውሰደኝ፣ በርዶኛል በላት።»

«አባዬ፣ አትዝጋው፣ እባክህ...»

ተቋረጠ። መልሼ ስደውል የደወልኩለት ስልክ ጠፍቷል አለችኝ የቴሌዋ ሴትዮ። ገጹም ጊዜው አልፏል፣ ነገ ይሞክሩ አለኝ፤ ለትዕግሥቴም አመሰገነኝ።

እህቴ ያልተጨረሰው ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ ደመናው ሲጠቁር ይታያል። አባዬ ሹራቡን ለብሶ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ መልሱን ፈራሁ።

ባለ ቁልፏ ስልክ እጄ ላይ ናት። ሌላ የምደውልበት አልነበረኝም። ከጨርቁ ላይ እያየሁ ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ተጫንኳቸው። እህቴ አበድክ ወይ አላለችኝም። ተነሥታ መጣችና ጆሮዋን ከጆሮዬ አስጠግታ ከስልኩ ጋር ገጠመችው፤ እስኪጠራ ጠበቅን።