አፍ ከፍቶ መተንፈስ

ወንዴ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ነጃት ቀጭኑን የአየር መንፊያ ወደ አፉ ስታስጠጋ፣ እሱ ዓይኑንም ከንፈሩንም ገጥሞ እምቢ ይላል።

«አያ ወንዴ፣ እስኪ አፍዎን ይክፈቱ።»

«ምነው ዶክተር፣ ትንሽ ብትታገሺኝ?»

«ሁለት ወር ሙሉ ታግሼዎታለሁ እኮ!»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ሽታዬ ሳቋን ዋጥ ታደርጋለች። መሳቅም መፍራትም ይዟታል።

ወንዴ ሃያ ሁለት ዓመት ጎንደር መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ የጠራ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ግን የጠዋቱ ብርድ ጥርሱን ይጠዘጥዘው ጀመር። «አይከል!» ብሎ የመኪናውን መድረሻ ሊጠራ አፉን በከፈተ ቁጥር ንፋሱ ስድስቱ ላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ላይ እንደ መርፌ ይሰካና እንባው ዱብ ይላል። ድዱ ወደ ላይ ሸሽቶ ሥራቸው ተራቁቷል፤ ከድዱ ሥር ያለው አንገታቸውም ተሸርሽሮ ጎድጉዷል። ጥፋቱ የራሱ ነው። በጠንካራ ብሩሽ፣ ጠዋት ማታ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲፍቅ ነው የኖረው። «አንተ ሰው፣ ጥርስ ነው ወይስ ያረረ ድስት?» ትለው ነበር ሽታዬ።

ቀስ በቀስ ድምፁ አነሰ፤ ከዚያም ዝም አለ። አንድ ቀን መናኸሪያ ሲደርስ፣ እሱ በሚቆምበት ምሰሶ ላይ የተቀዳ ድምፅ የሚያጮህ ማጉያ ተሰቅሎ አገኘ። በነጋታው እዚህ መጥቶ «ስድስቱንም ንቀይልኝና ልረፍ» አለ።

ነጃት ግን መንቀያ አላነሳችም። «ያለ ፊት ጥርስ እስኪ ‹እንፍራንዝ› ብለው ተሳፋሪ ይጥሩ» አለችው። ከንፈሩን በጥርሱ ላይ አጥፎ ሞከረው። የወጣው ነገር እሱን ራሱን አሳቀው። ያን ቀን የጎደጎደውን የጥርሱን አንገት ጥርስ በሚመስል መሙያ ሞላችለት። ቆይታም ከላንቃው ስስ ሥጋ ወስዳ በተራቆተው ሥር ላይ ሰፋችለት። ለስላሳ ብሩሽ ሰጥታ እንደ አዲስ ተማሪ አፋፋቁን አስተማረችው።

አሁን፣ በመጨረሻ፣ አፉን ይከፍታል። ትከሻውን ሰብስቦ ያንን እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ይጠብቃል።

«ጨረስሽ?» ይላል ቆይቶ።

«እየነፋሁ ነው እኮ!»

ዓይኑን ይገልጣል። እውነትም መንፊያው ጥርሱ ላይ ሽው ይላል፤ እሱ የሚሰማው ግን ንፋስ ብቻ ነው። ነጃት ቀዝቃዛ ውሃ ታቀብለዋለች። ይጉመጠመጣል፤ ምንም የለም። አፉን በሰፊው ከፍቶ አየሩን እስከ ሆዱ ድረስ ይስበዋል፤ አሁንም ምንም። በመስታወት ሲያይ ድዱ ወርዶ፣ ቀላ ብሎ፣ ጥርሱን እንደ ጥሩ አንገትጌ አቅፎታል።

«ሸጋ ነው» ይላል ቀስ ብሎ። «ኧረ ሸጋ ነው!»

«አንተ፣ እውነትህን ነው?» ሽታዬ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች።

ወንዴ ደረቱ ላይ የታሰረለትን ጨርቅ እንኳ ሳይፈታ ከወንበሩ ይወርድና አንገቱን ቀና ያደርጋል።

«ትክል ድንጋይ የሚሄድ! ትክል ድንጋይ! ሊነሳ ነው! ያለቀለት!»

የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ነጃት ደንግጣ መንፊያውን ትለቀዋለች፤ ከዚያ የአፍ መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ እስኪያማት ትስቃለች። ሽታዬ የባሏን ትከሻ በጡጫ ትመታዋለች፤ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጥቷል። «ዓመት ሙሉ እንደ ተኳረፈ ሰው ዘግተኸኝ! ድገመው እስኪ፣ ድገመው!»

ሳይደግመው በሩ ይከፈታል።

ውጭ ከተቀመጡት መሃል አንዲት ወፍራም ሴት ብቅ ትላለች። ከወንዴ በፊት ገብታ ጥርሷን ተነቅላ አንድ ጉንጯ በጥጥ ተወጥሯል፤ አፏ ስለደነዘዘ መናገር አትችልም። ቦርሳዋን ግን ትከሻዋ ላይ አንግታለች። ወንዴን ከእግር እስከ ራሱ ታየውና፣ መኪናው እንዳያመልጣት በችኮላ አንድ ጣቷን ታነሳለታለች፦ አንድ ሰው።