ሽጉጡ የሚያድርበት

ሎሬን የመሣሪያ ገዢዎችን ለሚያጣራው ቢሮ ደውላ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ መልስ ስትጠብቅ፣ ቨርን መዳፉን የሽጉጡ ሳጥን ክዳን ላይ ተጭኖ ቆመ። የአሜሪካዋ የሞንታና ግዛት ንፋስ የመሣሪያ ሱቋን በር ያንገጫግጭ ነበር። ሽጉጡን ከቨርን ሊገዛ የመጣው ጎረቤቱ ክሌት ከጎኑ ቆሞ ተቁነጠነጠ።

«ጋሼ ቨርን፣ እኔ እኮ ስንት ክረምት አብሬዎት ከብት የነዳሁ ሰው ነኝ! አጥር ላይ ቆመን እጅ በእጅ ብንጨርሰው ምን ነበረበት?»

«ፈቃድ ባላት ሻጭ በኩል ይሁን ብያለሁ፤ ይሁን!» አለ ቨርን። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ።

ሎሬን ስልኩን ዘግታ ወደ ክሌት ዞረች። «የወንጀል መዝገብ ማጣራቱ አላለቀም፤ ስምህ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተመሳስሎባቸዋል መሰለኝ። ጠብቁ ብለዋል።»

«ይኸው፣ ሽፍታ አደረጉኝ!» ብሎ ክሌት ሳቀ።

«ምንም አይደል» አለች ወደ ቨርን ዞራ፤ «መልሱ እስኪመጣ ቤትህ ይዘኸው ሂድ። ስደውልልህ ታመጣዋለህ።»

ቨርን ሳጥኑን ሊያነሳ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከሚስቱ ቀብር ወዲህ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለው ቁጥር ይህን ሳጥን ከፍቶ ሽጉጡን ማየት ለምዶ ነበር፤ ሊሸጠው የቆረጠውም ራሱን ፈርቶ ነው። በጣቱ ጫፍ ወደ ሎሬን ገፋው።

«ሎሬን፣ እባክሽ፣ እኔ ጋ አይደር።»

የክሌት ሳቅ ቀጥ አለ። ሎሬን ቨርንን ትኩር ብላ አየችው። ሳጥኑን ካዝናው ውስጥ ቆለፈችበትና ኮቷን ከመስቀያው አወረደች።

«እሱ እዚህ ያድራል» አለች፤ «አንተ ደግሞ እኛ ቤት።»