አራተኛው ቀጠሮ

ልጆቹን መዝናኛ ፓርክ ለመውሰድ ሲያቅዱ ይህ አራተኛቸው ነው። ሦስቱንም ጊዜ ባሏ ከመስክ ሳይመጣ ቀርቷል፤ መቼም የሚሠራው መንገድ ያለ እሱ አንዲት ጠጠር አይፈስበትም። አሁን ደግሞ “ሌሊቱን ነድቼ ማለዳ እደርሳለሁ” ካለ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

“አባዬ ትልቁ ዥዋዥዌ ላይ ይወጣል?” አለች ፌቨን፣ ገና ሳይነጋ ኮፍያዋን አጥልቃ።

“አባትሽ? እሱን እኮ ሁሉ ነገር ያዞረዋል። የማያዞረው ቃል መግባት ብቻ ነው።”

በሩ ተንኳኳ። ልጆቹ “አባዬ!” እያሉ ሮጡ። እሷም ያዘጋጀችውን አሽሙር ምላሷ ላይ ይዛ ከፈተች።

የባሏ ወንድም ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

“እማዬ፣ እነዚህ ሁሉ አብረውን ሊሄዱ ነው?” አለች ፌቨን።