ዝም የማትለው ዶቃ

በዚያ ዘመን ከጆሮው ጀርባ ሐሳብ የምታበርድ ዶቃ ያላስተከለ ሰው አይገኝም። ሐሳብ ሲበዛ ዶቃዋ ጥዝ ትላለች፤ ወዲያው ሐሳቡን አብርዳ ዝም ትላለች። የአምዴ ግን አንዴ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም።

የጎረቤቱ የእትዬ ዘርፌ ልጅ ታጠቅ የሞተ ጊዜ አምዴ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። ሐዘንም ሐሳብ ነውና ገና ሲጀምር ይበርዳል፤ የሚያለቅስ የለም። አምዴ ገና ቁጭ ከማለቱ፣ ሲገባ ከልማድ ፈገግ ማለቱ ትዝ አለው። አይተውኝ ይሆን? ካዩኝስ ምን ይሉኛል? ዶቃዋ ጥዝዝዝ አለች።

«አንተ፣ ንብ ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው።

አምዴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሊወጣ ሲነሳ እትዬ ዘርፌ እጅጌውን ያዙት።

«ተቀመጥ ልጄ። እኔ እናቱ እንኳ መልኩን በዓይኔ ላመጣ ስል ይቺ ነገር ታበርድብኛለች። አንተ ብቻ ነህ ያሰብክልኝ።»

አምዴ ታጠቅን ለአፍታ እንኳ አላሰበውም ነበር። በሐፍረት አቀረቀረ። ይሄኔ ዶቃዋ ይብሱን ጮኸች፤ እትዬ ዘርፌም ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።